ዕቃው ሲያልቅለት ዕዳው የማን ነው?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር ተከፍቷል፤ ክሩን የጀመረው ሰው አጭር ነው የጻፈው። አንድ ዕቃ ከማዕድን ማውጫ እስከ ቆሻሻ መጣያ ድረስ በአካባቢ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱንም አብሮ ሰጠ። በእሱ እምነት ተጠያቂው አምራቹ ብቻ ነው። ገዢው የቀረበለትን ይገዛል። ሻጩ የመጣለትን ይሸጣል። ዕቃው ከምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚጣበቅ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚወስነው ግን አንድ ወገን ነው። ስለዚህ የጋራ ኃላፊነት የሚባለው ነገር አምራቾች ሸክማቸውን ሌላው ላይ ለማራገፍ ያመጡት ዘዴ ነው ብሎ ደመደመ።

ከዚያ 34 መልሶች መጡ። ከዳር እስከ ዳር አንብቤያቸዋለሁ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በራሴ ቃል ላስቀምጣቸው። የማልስማማበት ቦታ ላይም ዝም አልልም።

1ኛው መልስ በአንቱታ የተጻፈ፣ የተረጋጋ ነው። ጸሐፊዋ ጠያቂውን አመስግና ነገሩን ከሥሩ ጀመረችው። አምራች ዕቃው ከተሸጠ በኋላም ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ቶማስ ሊንድክቪስት ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ባቀረበው ጥናት ነበር ያነሣው። በዓመቱ ጀርመን የማሸጊያ ደንቧን አወጣች። ከዚያ በፊት አሠራሩ ሌላ ነበር። አምራች ይሸጣል፣ ገዢ ይጥላል፣ ማዘጋጃ ቤት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ያነሣል። ካርቶኑን ያለ ምክንያት ሦስት እጥፍ ያተለቀው ሰው የማንሣቱን ወጪ አያየውም። ጸሐፊዋ እንደምትለው ዓላማው ቅጣት አይደለም። ሒሳቡ ዕቃውን የሚነድፈው ሰው ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ ነው የተፈለገው። ወጪው የራሱ ከሆነ ሲነድፍ ያስብበታል። ይቺን ነጥብ ያዟት፤ ክሩ ወደ በኋላ የሚከራከረው በእሷ ነው።

2ኛው ለጠያቂው ሙሉ በሙሉ ወገነ። ማስረጃ ብሎ ያመጣው የ1953ቱን የአሜሪካ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት የቨርሞንት ግዛት ተመልሶ የማይሞላ የቢራ ጠርሙስ እንዳይሸጥ ከለከለች። በዚያው ዓመት የጣሳና የጠርሙስ አምራቾች ያሉበት ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። የድርጅቱ መልእክት የሚወቅሰው መንገድ ላይ ቆሻሻ የሚጥለውን ሰው ነበር። የቨርሞንቱ ሕግ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀረ። ወቀሳው ግን ቀጠለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው አለ 2ኛው። ታሪኩ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ገዢው ምንም ድርሻ የለውም ማለት ግን አይቻልም።

3ኛዋ የያዘችው ይህንኑ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽንን ወሰደች። ማሽኑ በዕድሜው ከሚፈጀው ኃይል የሚበዛው ቤት ውስጥ ሲሠራ የሚፈጀው ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ውኃ ማሞቁ ነው። አምራቹ ቁጠባ ያለው ማሽን ሊሠራ ይችላል። ለሁለት ሸሚዝ ብላችሁ ማሽኑን በ60 ዲግሪ ብታስነሡ ግን ከፋብሪካው መጥቶ የሚከለክላችሁ የለም። ቀጥላ ስልክን አመጣችና ነገሩን ገለበጠችው። ስልክ ከሚያስወጣው ካርቦን የሚበዛው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ፣ ማዕድኑ ሲቆፈርና ቺፑ ሲሠራ የሚወጣው ነው። እዚያ ላይ ቻርጅ ሲደረግ የሚፈጀው መብራት ኢምንት ነው። ስለዚህ ለስልክ የተጠቃሚው ትልቁ ድርሻ አንድ ነው፤ ረጅም ጊዜ መያዝ። አንድ ደንብ ለሁሉም ዕቃ አይሠራም የሚለው አባባሏ ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ መልሶች ቢያስታውሱት ጭቅጭቁ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

4ኛው አጭር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብሎ ተረተና ሁሉም ከተባበረ ይቀላል አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። 5ኛው አልወደደለትም። ተረቱ የሚሠራው እያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ ካነሣ ነው ብሎ መለሰ። ማን ስንት እንደሚይዝ ካልተነገረ ሃምሳው ሰው እርስ በርስ ሲተያይ ሎሚው መሬት ላይ ይበሰብሳል። ቁጣ ያለበት መልስ ነው፤ ግን እኔ ከክሩ ሁሉ ይዤው የወጣሁት እሱን ነው። የጋራ ኃላፊነትን እደግፋለሁ። ድርሻው በስም ተለይቶ ካልተጻፈ ግን የጋራ የተባለው የማንም ይሆናል። ድርሻው ደግሞ እኩል መሆን የለበትም። ነገሩን የመለወጥ አቅም ያለው ሰው ብዙውን ይያዝ።

6ኛው ስልክና ላፕቶፕ በመጠገን የሚተዳደር ሰው ነው። አንድ ባትሪ መቀየር ምን እንደሚጠይቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፈው። ድሮ የስልክ ጀርባ በጥፍር ይከፈት ነበር፤ ባትሪው ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፣ አለቀ። አሁን ስልኩ መጀመሪያ ማሞቂያ ላይ ይቀመጣል፣ ሙጫው እስኪለሰልስ። ከዚያ በመምጠጫ ላስቲክ ስክሪኑ በትንሹ ይሳባል። በተከፈተችው ፀጉር በምታህል ቀዳዳ ስስ ፕላስቲክ ይገባና በዙሪያው ቀስ እያለ ሙጫውን ይቆርጣል። ከስር ያለው የስክሪኑ ኬብል ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ከተገፋ ይበጠሳል። ይህ ሁሉ አልፎ ባትሪው ጋ ሲደረስ እሱም ተጣብቋል። የሚጎተተው ማውጫ ፕላስቲክ መሀል ላይ ከተቆረጠ ባትሪውን እየፈለቀቁ ማንሣት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲታጠፍ ወይም ሲበሳ ይጨሳል፣ ይቀጣጠላልም። ሰውየው ጠረጴዛው ሥር ሁልጊዜ በአሸዋ የተሞላ ባልዲ አለው። ሁሉም በሰላም ካለቀ በኋላ ስልኩ ሲበራ ባትሪው የእኔ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ባትሪው ርካሽ ነው፤ የሚወደደው ጉልበቱና አደጋው ነው። ደንበኛው ይህን ሲሰማ አዲስ ስልክ ይገዛል። 6ኛው ሲጨርስ ስልኩ የተጣለው ሙጫው የተመረጠ ቀን ነው አለ፤ ደንበኛውን ለመውቀስ አንደበት የለውም።

7ኛውና 8ኛዋ ወደ ፕሪንተር ወሰዱት። ቀለሙ ሳያልቅ አልቋል ስለሚል ካርትሪጅ፣ የቆሻሻ ቀለም መምጠጫው ስፖንጅ ሞላ ብሎ ቀጥ ስለሚል ማሽን ብዙ ተባለ። ስፖንጁን አውጥቶ መቀየር እንደሚቻልና ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለሻ ፕሮግራም እንዳለም 8ኛዋ አስረድታለች። ለሚመለከተው ጠቃሚ ነው።

9ኛው የዕቃ ዲዛይን መሐንዲስ ነው። ለ6ኛው በትሕትና፣ አሁንም በአንቱታ፣ መለሰ። ሙጫ የተመረጠው በክፋት አይደለም። ስልኩ ቀጭን ይሁን፣ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ይትረፍ፣ ሲወድቅ ውስጡ አይናወጥ የሚል ጥያቄ ከገበያው መጣ። ብሎን ቦታ ይይዛል፣ ሙጫ አይዝም። ገዢው በቅጥነት ሲመርጥ ኖሮ አሁን ለምን ቀጠነ ቢል አያምርበትም። እኔ ይህን መልስ በከፊል እቀበላለሁ። ገዢው ቀጭን ስልክ ሲመርጥ ጥገናው የሚከብድ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። ሳይነገረው የመረጠው ነገር ለጥፋቱ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት አይገባም።

10ኛዋ ጉዳዩን ሕጉ እያስተካከለው ነው ብላ ገባች። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ከ2027 መጀመሪያ ወራት ጀምሮ አብዛኛው በእጅ የሚያዝ ዕቃ ባትሪ በተጠቃሚው ሊወጣ የሚችል እንዲሆን ያዛል። ከጁን 2025 ጀምሮ ደግሞ እዚያ ለገበያ የሚቀርብ ስልክ መለዋወጫው ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት፣ የሲስተም አፕዴቱ ቢያንስ ለ5 ዓመት መገኘት አለበት። መሐንዲሱ ራሱ ለዚህ መልስ አዎንታዊ ምልክት ሰጥቷል። አምራቾች ሁሉ አንድ ላይ ሲገደዱ ማንም በቅጥነት ተበልጦ ከገበያ አይወጣም፤ ለመሐንዲሱም ቢሆን እፎይታ ነው።

ከ11 እስከ 13 ያሉት ወደ አምፖል ተንሸራተቱ። 11ኛው በ1924 ትልልቅ የአምፖል አምራቾች ፌበስ የተባለ ስምምነት አድርገው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት እንዳወረዱ አነሣ። ከዚያ በላይ የቆየ አምፖል የሠራ አባል ይቀጣ ነበር። 12ኛው አረመው። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው የተደረገ አምፖል ለተመሳሳይ ብርሃን ብዙ ኃይል ይበላል፤ ስለዚህ ዕድሜ ማሳጠር ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም አለ። 13ኛው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብሎ አስታረቀ። የኃይሉ ነገር እውነት ነው፤ ቅጣቱም እውነት ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር።

14ኛው ግን የመሐንዲሱን መልስ ዘግይቶ አንብቦት ኖሮ እሳት ጎርሶ መጣ። አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ። አንተ ብሎ ጀምሮ የኩባንያ አፈ ቀላጤ ብሎ ጨረሰ። ስንት ተከፈለህ ብሎም ጠየቀ። 15ኛው መልስ የመሐንዲሱ ነው፤ እሱም ትሕትናውን ትቶ ነበር። ስድብ እንጂ ሐሳብ እንዳላየ፣ ስልኩን በየዓመቱ የሚቀይር ሰው ስለ ምድር ሊያስተምረው እንደማይችል ጻፈ። 16ኛው ላይ የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብታ ሁለቱንም አስጠነቀቀች። ሰው በሙያው የሚያውቀውን ስለተናገረ ተከፋይ ማለት ይህን ዓይነት ውይይት ይገድለዋል። መሐንዲሶቹ ዝም ካሉ ሙጫው ለምን እንደተመረጠ ማን ይነግረናል?

17ኛው የክሩ ምርጥ መልስ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አምራቾች በጋራ በሚያቋቁሟቸው የቆሻሻ ማሰባሰቢያ ማኅበራት ውስጥ የሠራ ነው። ሕጉ አምራቹን ዕቃህን መልሰህ ሰብስብ ይለዋል። አንድ ኩባንያ ብቻውን በየቤቱ እየዞረ የራሱን ላፕቶፕ ሊለቅም አይችልም። ስለዚህ ተሰባስበው ማኅበር ይመሠርታሉ። እያንዳንዱ ለገበያ ባቀረበው ኪሎ ልክ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ሰብሳቢና ፈታች ይቀጥራል። እስከዚህ ጤነኛ ነው።

አሁን ሁለት አምራቾችን አስቡ ይላል 17ኛው። አንዱ ላፕቶፑን በአንድ ዓይነት ብሎን ሠራው። አንድ ካቻቢቴ የያዘ ሰው በደቂቃዎች ይበታትነዋል። ፕላስቲኩ አንድ ዓይነት ነው፤ ምንነቱም ላዩ ላይ ተጽፏል። ሌላው በሙጫ ለጠፈው፣ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ አደባለቀበት፤ ቀለለለት፣ ቀጠነለትም። ሁለቱ በኪሎ ሲከፍሉ ምን ይሆናል? በሙጫ የለጠፈው ዕቃው ስለሚቀል ያነሰ ይከፍላል። ብሎን የተጠቀመው ሰው ለፈታቹ ያተረፈው ጊዜ ለሁሉም በጋራ ይከፋፈላል፤ ተፎካካሪውም ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሒሳቡ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ አይደርስም። መንገድ ላይ፣ ማኅበሩ ካዝና ውስጥ ተቀላቅሎ ይቀራል። 1ኛዋ ያነሣችው ዋና ዓላማ የሚከሽፈው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ጨመረ። ውጤቱም የሚለካው በኪሎ ነው። በኪሎ ከሆነ ከባድ ብረት ያለው ፍሪጅና ማጠቢያ ማሽን ዒላማውን ቶሎ ይሞላል። በጥቂት ግራም ያለው ኮባልትና ወርቅ ቢጠፋ ሪፖርቱ ላይ አይታይም። ለማውጣት ብዙ መሬት የተቆፈረለት ግን እሱ ነበር።

18ኛዋ አክብራ አረመችው። ክፍያው ሁሉም ቦታ በኪሎ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ለተሻለ ንድፍ ቅናሽ፣ ለከፋው ጭማሪ የሚያደርግ ሥርዓት አላት። በ2018 የተሻሻለው የአውሮፓ ኅብረት የቆሻሻ መመሪያም ክፍያው የዕቃውን ጽናት፣ የመጠገን ዕድሉንና በውስጡ ያለውን መርዛማ ነገር ከግምት እንዲያስገባ ይጠይቃል። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ የመጠገን ነጥብ ከ10 እንዲለጠፍም አድርጋለች። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያየዋል። ይቺ ነጥብ ቀደም ብዬ ለመሐንዲሱ ያልኩትን ትመልሳለች። አሁን ተነግሮታል፤ ስለዚህ አሁን ምርጫው የእሱ ነው። ለገዢ ድርሻ የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መረጃ፣ ከዚያ ተጠያቂነት።

19ኛው የጃፓንን አሠራር አደነቀ። ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ማጠቢያ ማሽንና የአየር ማቀዝቀዣ ሲጣሉ ተጠቃሚው የመልሶ መጠቀሚያ ክፍያ ይከፍላል። ሻጩ ይረከባል፣ አምራቹ ይፈታል። ሦስቱም ድርሻቸው ተለይቶ ተጽፏል። 20ኛው ችግሩን አሳየ። ለመጣል የሚያስከፍል ነገር ሰውን ለመደበቅ ይገፋዋል። ክፍያውን ለመሸሽ ዕቃውን በድብቅ ገደል የሚጥል ይኖራል። ሲገዛ በዋጋው ውስጥ ቢካተት ግን መጨረሻ ላይ ለማምለጥ ምክንያት የለም። የጠርሙስ ማስያዣ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ጀርመን ከ2003 ጀምሮ ለአንድ ጊዜ መጠጫ ጠርሙስና ጣሳ 0.25 ዩሮ ታስይዛለች፤ የመለሰ ገንዘቡን ይወስዳል። እኔ ከ20ኛው ጋር ነኝ። ሰው ሲገዛ ኪሱ ክፍት ነው፤ ሲጥል ዝግ ነው።

21ኛው ድምፁን ከፍ አደረገ። እስካሁን ያወራችሁት ሁሉ ዕቃው በተሸጠበት አገር ውስጥ ነው አለ። በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ ዋለ ተብሎ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ከቀረው ውስጥ ገና ይሠራል ተብሎ ድንበር የሚሻገር አለ። ገዢው መጀመሪያ ሲገዛ የማስወገጃ ክፍያ ከፍሏል። ዕቃው ሲሻገር ክፍያው አብሮ አይሻገርም። ገንዘቡ እዚያ ይቀራል፤ መርዙ እዚህ ይደርሳል። አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ሲሻገር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት በ1989 ተፈርሞ በ1992 ሥራ ላይ ቢውልም፣ የሚሠራ የተባለ አሮጌ ዕቃና ቆሻሻ የሚለዩበት መስመር ወደብ ላይ ይደበዝዛል። ይህን መልስ ሳነብ ደሜ ፈላ። ትክክል ስለሆነ ነው።

22ኛዋ ግን መጠንቀቅ እንዳለብን አሳሰበች። ያገለገለ ዕቃ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ሁለተኛ ባለቤት ያገኘ ላፕቶፕ ሌላ አዲስ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ 3ኛዋ ስለ ስልክ ያለችውን ታስታውሳላችሁ። ክልከላው ሁሉንም ካጠቃለለ የሚጎዳው አዲስ መግዛት የማይችለው ነው። ለ21ኛው ያቀረበችው ሐሳብ ደስ ይላል። ዕቃው ይሻገር፣ የማስወገጃ ገንዘቡም ከኋላው ይከተለው።

23ኛው የፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ ባለሙያ ነው። ማንም ያላነሣውን አነሣ፤ ጋዙን። በብዙ ፍሪጅ ውስጥ ያለው 134ኤ የሚባለው ጋዝ በክብደት ሲነጻጸር አየሩን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። ከእሱ የቀደመው 12 ቁጥር ደግሞ የኦዞንን ሽፋን የሚበላ ነበር፤ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ያስቀረው እሱን ነው። አሁን አሮጌ ፍሪጅ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ብረት ሰብሳቢው ይመጣል። የሚፈልገው መዳቡንና ኮምፕሬሰሩን ነው። ቱቦውን በፒንሳ ቆረጥ ያደርጋል። ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጋዙ በሴኮንዶች ወጥቶ አለቀ። ሰብሳቢውን ክፉ ማለት አይቻልም፤ ለመዳቡ የሚከፍለው አለ፣ ለጋዙ የሚከፍለው የለም። ባለሙያው የጠየቀው ቀላል ነገር ነው። ጋዙን በሲሊንደር ሰብስቦ ላመጣ ሰው በግራም ይከፈል፤ ገንዘቡም ጋዙን ከሞላው ኩባንያ ይምጣ። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ሐሳብ አላየሁም። ድርሻ ማለት ይህ ነው። ማን፣ ለምኑ፣ ስንት።

24ኛው ስለ አዲሶቹ ፍሪጆች ጠየቀ። 25ኛው ብዙዎቹ አሁን አይሶቡቴን እንደሚጠቀሙ፣ አየሩን የማሞቅ ኃይሉ በጣም ዝቅተኛ ቢሆንም ተቀጣጣይ ስለሆነ ሲጠገን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ መለሰ።

26ኛዋ ወደ ተጠቃሚው መለሰችን። ስለ መሳቢያ ጻፈች። የማይሠሩ ስልኮች፣ የተጠቀለሉ ቻርጀሮች፣ አንዱ ጆሮ የጠፋ ኢርፎን። ሰው የማይመልሳቸው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ፎቶና መልእክት ማን እጅ ይገባል የሚለው ስጋት አለ። የተጠቃሚው ድርሻ መመለስ ነው ካልን፣ የሰብሳቢው ድርሻ ደግሞ መረጃውን ፊት ለፊት አጥፍቶ ማሳየት ነው። 27ኛው በዚህ ላይ የሻጩን ጨመረ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያነሰ አሮጌ ዕቃ፣ ምንም ባይገዙም፣ በነፃ መቀበል አለበት። ሰው ለመጣል ሲል የተለየ ጉዞ አያደርግም። በሚሄድበት መንገድ ላይ መቀበያ ካገኘ ያስቀምጣል።

28ኛው በድረ ገጽ ከሩቅ አገር በቀጥታ የሚሸጡትን አነሣ። የተመዘገበ አምራች የለም፣ አስመጪ የለም፣ ሱቅ የለም። ክፍያውን የሚከፍሉት ሕግ አክባሪዎቹ ብቻ ይሆናሉ፤ ያልከፈለው ደግሞ ስለሚረክስ ገበያውን ይወስዳል። ገበያውን የሚያስተናግደው ድረ ገጽ ራሱ እንደ አምራች ይቆጠር የሚለው ሐሳቡ ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው።

29ኛዋ ተቆጥታ ነበር። ይህ ሁሉ የደላው ሰው ወሬ ነው አለች። ርካሹን የሚገዛው ሰው ምርጫ ስለሌለው ነው፤ ጥሩና የሚጠገን ግዛ ማለት ያላየውን ገንዘብ አውጣ ማለት ነው። 30ኛው በለሰለሰ ቋንቋ መለሰላት። አንድ ዕቃ በጣም የረከሰው ከፊል ወጪው ሌላ ሰው ላይ ስለተጫነ ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ድሃው ነው፤ አሮጌ ባትሪ ሲቀልጥ የእርሳሱን ጭስ የሚተነፍሰው፣ ኬብል ሲቃጠል ከነፋሱ በታች የሚኖረው። እኔ ለሁለቱም ፍርድ እሰጣለሁ። 29ኛዋ ገዢውን በመከላከሏ ልክ ናት። ለዚህ ነው አነስተኛው የጥራት ልክ በሕግ ተወስኖ ለርካሹም ዕቃ መሥራት ያለበት። ዘላቂነት ለሚችል ሰው ብቻ የሚሸጥ ተጨማሪ ነገር ከሆነ ምንም አልሠራንም።

31ኛው 14ኛው ነበር፤ ተመልሶ መሐንዲሱን ይቅርታ ጠየቀ፣ በአንቱታ። ሌላ ምንም አልጻፈም።

32ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። አቋሙን አልለቀቀም። አምራቹ የመጀመሪያው ተጠያቂ ነው ብሎ ጸና። ብቻ የሚለውን ቃል ግን ሰረዘው፤ ምክንያቱም ስለ ጋዙና ስለ ማጠቢያ ማሽኑ ያነበበው ነው። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ጣለ። አምራቹ ቢከስርስ? ፍሪጁ ሃያ ዓመት ይቆያል፤ ኩባንያው በአምስተኛው ዓመት ሊዘጋ ይችላል። ባለቤት ለሌለው ዕቃ ማን ይከፍላል?

33ኛዋ ያለውን መልስ አመጣች። በአውሮፓ ኅብረት ከኦገስት 2005 በፊት ለተሸጠ የኤሌክትሪክ ዕቃ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አምራቾች በገበያ ድርሻቸው ልክ ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ለተሸጠው አምራቹ ዕቃውን ለገበያ ሲያቀርብ አስቀድሞ ዋስትና ማስያዝ አለበት፤ እንዳይነካ የታገደ የባንክ ሒሳብ፣ ኢንሹራንስ ወይም የማኅበር አባልነት ሊሆን ይችላል። 34ኛው መልስ የ17ኛው ነው። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው፤ ግን የማኅበር አባልነት እንደ ዋስትና ሲቆጠር ገንዘቡ የዛሬውን ቆሻሻ ለማንሣት ዛሬ ይወጣል፣ ለዚያች ፍሪጅ ተለይቶ የተቀመጠ ነገር አይኖርም አለ። በእያንዳንዱ ዕቃ ስም የተያዘ ገንዘብ እስካልኖረ የነገው ቆሻሻ የሚነሣው በነገ ገዢዎች ገንዘብ ነው።

ክሩ እዚህ ላይ ቆሟል፤ ገና አልተዘጋም። እኔ 35ኛውን ልጽፍ ነው። ጥያቄዬ ለ22ኛዋና ለ17ኛው ነው። ገንዘቡ በዕቃው ስም ከተያዘና ዕቃው የሚለይበት ቁጥር ካለው፣ ዕቃው በመጨረሻ በተፈታበት አገር፣ ለፈታው ሰው እንዲከፈል ማድረግን የሚከለክለው ምንድን ነው? ሕግ ነው? ቴክኒክ ነው? ወይስ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ?